የቅጂ ቅጂ

ስለዚያ ቴፕ ማውራት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። የሚያውቁኝ ሰዎች «ደግሞ ጀመራት!» ብለው ይነሳሉ። ይነሱ! እንጀራዬ ድምፅ ነው። አዳማ ውስጥ ሰርግ ያለበት አዳራሽ ሁሉ ገብቼ ስፒከር እተክላለሁ፣ ሽቦ እስባለሁ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ማይኩ ካፏጨ ሮጬ አስተካክላለሁ። ሴት ናት ብለው የሚስቁብኝ ጎረምሶች ባስና ትሬብል ለይተው አያውቁም። እኔ በስምንት ዓመቴ አውቅ ነበር፤ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር እንጂ።

ቴፑ የመጣው ከቤሩት ነው። እናቴ ጉዲቱ ለሰው ቤት ሥራ በሄደች በስምንተኛ ወሯ፣ ወደ አገሯ በምትመለስ ሴት እጅ ላከችልን። ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ ቤቱ ውስጥ የነበርነው አያቴ ሸዋወርቅ፣ አጎቴ ደገፋና እኔ ነን። አያቴን እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ በኦሮምኛው «አኮ» ነበር የምላት። ደገፋ የእናቴ ታናሽ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራኑን ካሴት የሚያባዛው እሱ ስለነበር ካርቶኑን ማንንም ሳያስነካ ራሱ ከፈተ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ጎረቤት እየጠራ አስጎበኘው።

«ተራ ቴፕ እንዳይመስላችሁ፤ ስቴሪዮ ነው! ግራው ሌላ፣ ቀኙ ሌላ ነው የሚያወራው። ሁለት ካሴት ይጎርሳል፤ ከዚህኛው ወደዚያኛው ይቀዳል። ከቸኮላችሁ በእጥፍ ፍጥነት ይቀዳል። ስፒከሮቹ ይነቀላሉ፤ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ጓዳ ማድረግ ነው። መብራት ቢጠፋ ስምንት ድንጋይ አጉርሱት፣ ወይ ፍንክች!»

«ወጥስ አይሠራም?» አለች ጎረቤታችን እትዬ ዘርፉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ፊቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱ አምስት ቁልፎች ነበሩት። ደገፋ መዳፌን የስፒከሩ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ አንዱን ወደ ላይ ገፋው፤ የመዘምራኑ ከበሮ እጄን አልፎ ሆዴ ውስጥ ገባ። «ባስ በሆድ ነው የሚሰማው፣ ትሬብል በጥርስ» አለኝ። እኔ ዛሬም ረዳቶቼን የማስተምረው በዚሁ ቃል ነው።

የቴፑ ዋና ሥራ ግን መዝሙር አልነበረም፤ የእናቴ ደብዳቤ ነበር። ያኔ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም፤ አረብ አገር ያሉ ሴቶች ወሬያቸውን ካሴት ላይ ቀድተው በሰው እጅ ይልካሉ፤ ቤተሰብም መልሱን ቀድቶ ይልካል። የካሴት ደብዳቤ ደግሞ ደንብ አለው፤ ሰላምታው ብቻ አንዱን ገጽ ሊጨርስ ይችላል። «እማ እንዴት ነሽ? በጣም ደህና ነሽ? ደገፋዬ እንዴት ነህ? ሜቲዬ፣ የኔ ማር፣ እንዴት ነሽ? እትዬ ዘርፉ እንዴት ነሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።» እያንዳንዱ ካሴት እንዲሁ ነው የሚጀምረው። ይህ ደንብ በኋላ ጉድ ሠራን።

ሁለተኛው ካሴት ላይ ከበስተጀርባ የአሠሪዎቿ ሕፃን ልቅሶ ይሰማል። «ማማ! ማማ!» ትላለች። እናቴ ወሬዋን አቋርጣ «መጣሁ ሀቢብቲ» ብላ ተነሳች። ሀቢብቲ በዓረብኛ «ውዴ» ማለት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ድምፁን ግን አወቅኩት። እኔን ስታባብል የምታወጣው ድምፅ ነው፤ የኔ ነው። ያን ቦታ እየመለስኩ ስሰማው ደገፋ «ካሴቱን አቀለጥሽው እኮ!» ብሎ ይቆጣኝ ነበር።

በዘጠና ሦስት ጥር ላይ አኮን ልቧን አመማት፤ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። በወጣች ቀን ሐኪሙ ደገፋን ወደ ጥግ ወስዶ «ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይነካት» ሲለው የመድኃኒቱን ፌስታል ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበር ጀርባ ተደብቄ «ባ!» ማለቴን ተውኩ። ድንጋጤ ማለት እሱ ነበር የሚመስለኝ።

የካቲት ላይ አንድ ቀን እኩለ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈራችን ሴቶች ከእትዬ ዘርፉ ቤት ይወጣሉ። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል። ጓሮ ካለችው ቧንቧ ተራ በተራ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ ወደ እኛ ቤት እየሳቁ ገቡ። «አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ አዴ ሸዋወርቅ? ዛሬማ ፊትሽ ጥሩ ነው!» ይላሉ። ወቅቱ ንፋስ ነው፤ የናዝሬት አቧራ ደግሞ አይጣል ነው። እኔም ለአኮ «ንፋሱ የሴቶቹን ሁሉ ዓይን አጠፋው» አልኳት። «እንግዲያው ውሃ ስጪያቸው» አለችኝ፤ በጣሳ አዞርኩላቸው። አንዷ ጣሳውን እንደያዘች አንገቴን አቅፋ አልለቅ አለችኝ።

ያለቀሱት ለእናቴ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ከእኛ ቤት አሥር እርምጃ ርቆ አልቅሶላታል። ከአራተኛ ፎቅ ወደቀች ነው የተባለው፤ ወደቀች ወይስ ሌላ ነገር ሆነ፣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እዚያው ቀበሯት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በታላቃቸው በኦቦ መርጋ ቤት ተሰብስበው «አሁን መርዶ ቢነገራት ልጇን ተከትላ ትሄዳለች፤ ትንሽ ታገግም» ብለው ቆረጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር ያወቀውን ያላወቅነው አኮና እኔ ብቻ ነበርን።

አኮ ግን በየቀኑ ትጠይቃለች። «የጉዲቱ ካሴት አልመጣም? ደገፋ፣ ሰው የለም ወይ የሚመጣ?» መድኃኒቷን አፏ ላይ አድርጋ ሳትውጥ ትጠይቃለች። ደገፋ በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ስኳር ሰርቆ ራሱ ሄዶ የተናዘዘ ነው ይሉታል። መጋቢት ላይ «መጣ!» ብሎ ካሴት ይዞ ገባ።

ሰላምታው ያው ሰላምታ ነው። ድምጿ ትንሽ ታፍኗል፤ ከሥር ደግሞ በጣም ከሩቅ መዝሙር ይሰማል። አኮ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ሰማችሁ? መዝሙር እኮ ነው! ልጄ በሰው አገር ቤተ ክርስቲያን አግኝታለች! ተመስገን፣ ተመስገን ጌታዬ!»

ደገፋ ተነስቶ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መሰለኝ። ለካ ከአሮጌ ደብዳቤዎቿ ቃል በቃል ለቃቅሞ፣ የራሱ መዘምራን በነበሩበት ካሴት ላይ ነው የቀዳት። ቴፑ የድሮውን አጥርቶ ስላላጠፋው መዘምራኑ ከሥር ቀርተዋል። የፊተኞቹን እውነተኛ ካሴቶች «እንዳይበላሹ» ብሎ ሳጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል።

በዚህ መካከል እኔ ጥፋት አጠፋሁ። ደገፋ የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በየጊዜው አልኮል በነካ ጥጥ ይጠርገው ነበር። እኔም ሥራ ላግዝ ብዬ፣ አልኮሉን ባጣው፣ ጥጡን ላምባ ነክሬ ጠረግኩት። ለፋሲካ ሁለተኛው የደገፋ ካሴት ሲመጣ የእናቴ ድምፅ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ሰው ድምፅ ሆነ፤ ላዩ ላይ ደግሞ ሽንኩርት የሚቁላላ ይመስል ሽሽሽ ይላል። ክው አልኩ። ትሬብሉን ወደ ላይ ስገፋው ሽሽታው ይብሳል፣ ወደ ታች ስስበው እናቴ ትሰጥማለች። አምስቱንም ቁልፎች ብሞክር ወይ ፍንክች።

«ምነው ድምጿ ራቀብኝ?» አለች አኮ።

«ሄዱ ቆሽሾ ነው» አለ ደገፋ መሬት መሬት እያየ። ያወቀብኝ መሰለኝ።

ሰኔ ላይ የመጣው ሦስተኛው ካሴት የባሰ ሆነ። አኮ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ሰማችው። ከዚያ ምሳዋን አልበላም አለች፤ በማግስቱም አልበላችም። «ልጄ ታማለች። ይህ የደህና ሰው ድምፅ አይደለም። ትደብቁኛላችሁ» አለች። እትዬ ዘርፉ በአጥር በኩል ለአንዷ ሴት «እንዲህ ከቀጠለች ሳምንትም አትቆይ» ስትል ሰማኋት። ወይኔ ሜቲ! አኮን ልገድላት ነው አልኩ። ቴፑን አሠርቼ የእናቴን ድምፅ መመለስ አለብኝ፣ ያውም ደገፋ ሳያውቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ስፒከሮቹን ነቅዬ ቤት ተውኳቸው። ዋናውን አካሉን ከነካሴቱ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ፣ እየጎተትኩ አስፋልት ድረስ አወጣሁትና በጋሪ ወደ ገበያ ሄድኩ። ጋሽ አብደላ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ ሱቅ ሬድዮ የሚጠግን፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነው።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በላምባ ጠረግኩት።»

«በላምባ? ማሻ አላህ፣ ምን የመሰለች ባለሙያ ነሽ!» ብሎ ሳቀ። በትንሽ መስታወት ውስጡን አየ፣ ጠረገው፣ የራሱን ስፒከር ሰካበትና የራሱን ካሴት አስገባ። መንዙማው ሱቁን ሞላው፤ ድቤው ሆዴን መታኝ። ሽሽታ የሚባል የለውም። «ሰማሽ? ቴፑ አንበሳ ነው፤ አብሽሪ። በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ካሴቱን አምጪው እስቲ።»

የእናቴ ድምፅ በዚያ ሱቅ ውስጥም ያው የታፈነ ድምፅ ነበር። አብደላ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

«ይሄ ዋናው አይደለም እኮ፤ ቅጂ ነው። ቅጂም አይደል፣ የቅጂ ቅጂ ነው። በቀዳሽው ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል፣ ሽሽታው ይጨምራል። ሰውየው ደግሞ ቸኩሏል፤ በእጥፍ ፍጥነት ነው የቀዳው። ከሥርም መዝሙር ነበረበት።»

«ዋናውስ የት አለ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ዋናው ሌላ ሰው ዘንድ ነዋ!» አለና ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው። «ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ጋ ጥቅ አለ፣ ሰማሽ? ‹ደህና ነኝ› ብላ ትንፋሿን ሳትጨርስ ሌላ ወሬ ውስጥ ናት። እዚህም ጥቅ። ይሄ እኮ ከተለያየ ካሴት እየተቆረጠ የተቀጣጠለ...»

 መነጽሩን አወለቀ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የጉዲቱ። የሸዋወርቅ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ኢና ሊላህ» አለ በቀስታ። ሙስሊም ሞት ሲሰማ የሚለው ቃል መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ካሴቱን አውጥቶ በእጄ አስያዘኝ፣ ሳንቲሜን አልቀበልም አለ፣ ማዳበሪያውን ራሱ ተሸክሞ ጋሪው ድረስ ወሰደልኝ። «ለአያትሽ ምንም እንዳትተነፍሺ። ለአጎትሽ ግን አብደላ ከእንግዲህ ካሴቱን እኔ ጋ አምጣው፣ አሳምሬ እሠራዋለሁ ብሎሃል በይው፣ እሺ?» አለኝ። ፀጉሬን ሲዳብሰኝ እያዘነልኝ እንደሆነ አወቅኩ። ምስኪን ልጅ፣ እናቷ ቅጂ ላከችላት ብሎ ያዘነ ነበር የመሰለኝ።

ጋሪው ላይ ሆኜ ነገሩን ሁሉ ገጣጠምኩት። እናቴ አንድ ዋና ካሴት ትቀዳለች፤ ዋናውን ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ ለእኛ ቅጂውን ትልካለች። ያ ሌላ ሰው ማነው? ሌላ ማን ይሆናል፤ ያቺ ማማ የምትላት ልጅ ናት እንጂ! ሀቢብቲ!  ቤት እስክደርስ እናቴን ጠላኋት፤ በቃ፣ ጠላኋት።

በማግስቱ እሑድ ነው። ደገፋ ከሰዓት በኋላ ለመዝሙር ልምምድ ሄዷል። አኮ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ «ሰኞ ቤሩት የሚሄድ ሰው አለ ብሏል ደገፋ፤ በይ መልሱን እንቅዳ» አለችኝ። ባዶ ካሴት አስገብቼ ቀዩንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። አኮ በደከመ ድምፅ ሰላምታዋን አደረሰች፣ መረቀቻት፣ ራስሽን ጠብቂ፣ ብዪ፣ ጠጪ አለቻት።

«በይ አንቺም እናትሽን ሰላም በያት።»

ማይኩ ወዳለባት ቀዳዳ ጠጋ አልኩ። «አልልም! ዋናውን ለዚያች ልጅሽ ሰጥተሽ ለእኛ ቅጂ ነው የምትልኪልን። እዚያው ቅሪ! አንፈልግሽም!»

«ኧረ በስመ አብ! ምን አልሽ አንቺ?»

አብደላ ያስጠነቀቀኝን ንዴቱ አስረሳኝ፤ ዘረገፍኩት። ቅጂ እንደሆነ፣ የቅጂ ቅጂ እንደሆነ፣ ከተለያየ ካሴት ተቆርጦ እንደተቀጣጠለ፣ መዝሙሩም የእሷ ሳይሆን ካሴቱ ላይ ድሮ የነበረ መሆኑን ተናገርኩ። አኮ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሜቲ፣ ከታመምኩ ወዲህ በመጡት ካሴቶች ላይ ስለ ሕመሜ ጠይቃኛለች?»

አሰብኩ። «አልጠየቀችም!» አልኩ። በእናቴ ላይ አንድ ክስ የተጨመረልኝ መስሎኝ ደስ እያለኝ ነው ያልኩት። «አንድ ቀንም አልጠየቀችም! ሦስቱም ላይ የለም!»

አኮ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ካሴቱ እየዞረ ነው፤ የቴፑ ቁጥር ቆጣሪ አንድ በአንድ ይሄዳል። ደረቷ ላይ ያለውን እጇን ሳይ የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝ። «አኮ፣ አስደነገጥኩሽ?»

«የለም። አልደነገጥኩም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቴፑ አየችና «ኢንተላ ኮ» አለች፤ ልጄን ማለቷ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። እንባ አላየሁም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ አድርጋ ነከሰችው። ትንፋሿ ሲመለስላት «መልሺው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ካሴቱን። አንቺ ከተናገርሽበት ላይ መልሺና በላዩ ላይ ቅጂ። እናትሽ ናት፤ በቁጣ አትሸኚያትም።»

እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ፈራሁ። መለስኩትና ቀዩን ተጫንኩ። «ደህና ነሽ?» አልኩ ከአንገት በላይ።

«እንደሱ አይደለም። ስለ ትምህርትሽ ንገሪያት። ስለ ጥርስሽም ንገሪያት።»

ሦስተኛ መውጣቴን ነገርኳት። የፊት ጥርሴ ወልቆ ጣራ ላይ መወርወሬን፣ እትዬ ዘርፉ ዶሮዋ አሥራ አንድ እንደፈለፈለች፣ ሰማያዊ ጫማዬ እንደጠበበኝ ነገርኳት። ወሬ ወሬን እየሳበ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። መጨረሻ ላይ ራሴን ሳላስበው «እማዬ ናፍቀሽኛል፣ እወድሻለሁ፣ ቶሎ ነይ» አልኩ።

«ቶሎ ነይ አትበያት» አለች አኮ።

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«እረፊ በያት። ልጄ ብዙ ደክሟታል።»

«እማዬ፣ እረፊ» አልኩና ቁልፉን አጠፋሁ።

አመሻሹ ላይ ደገፋ ሲመጣ አኮ ወደ ጓዳ ጠራችው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ ከሁሉም የያዝኩት «ገነማ» የሚለውን ብቻ ነው፣ ጠዋት ማለት ነው። ከዚያ ደገፋ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ። ለልምምድ ሲል ጥሏት ስለሄደ የተቆጣችው መስሎኝ አሳዘነኝ።

ሊነጋጋ ሲል አኮ ቀስቅሳኝ ፊቴን አጠበችኝ። እሷ ቀድማ ተነስታ ጥቁር ለብሳለች። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ፤ ኦቦ መርጋ አራት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። እትዬ ዘርፉና ሴቶቹ ውጭ አጥሩ ሥር ቆመዋል። ኦቦ መርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዴ ሸዋወርቅ፣ ማወቅዎን ደገፋ ነግሮናል። ማን ነው ያረዳዎት?»

አኮ ወደ እኔ አላየችም። «ቴፑ» አለች። «የወለድኳትን ልጅ ድምፅ አታውቅም ብላችሁ ነው?»

ውሸቷን ነው። ያረዳኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች፤ ለአንድም ሰው ሳትናገር ሞተች።

«እኔ ተረድቻለሁ» አለች። «ለእኔ ይዛችሁት የመጣችሁትን ቃል ለእሷ ንገሯት። እናቷ ናት። እኔን አራት ወር ሙሉ ያደረጋችሁኝን እሷን እንዳታደርጓት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጅ መርዶ አይነገረውም፤ ጎረቤት ይወሰዳል፣ ዳቦ ይሰጠዋል፣ ከልቅሶው መሀል ራሱ እንዲገምት ይተዋል። ደገፋ «እማ፣ ሕፃን እኮ ናት» ሲል አኮ እጄን አጠበቀችው።  ኦቦ መርጋ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ጉልበቴን ነካው። ለሰባ ዓመት አሮጊት ያዘጋጁትን ቃል አንድም ሳይቀንሱ ለእኔ ነገሩኝ። በዚያ ቤት ለእናቴ ጮክ ተብሎ የተለቀሰው ያን ጊዜ ነው፤ የጀመርኩትም እኔ ነኝ።